የቤት መጽሐፍና የቦርሳ መጽሐፍ፦ ለረጅም የእግር ጉዞ የትኛውን መመሪያ፣ መቼ እንግዛ?

ረጅም የእግር ጉዞ ያሰበ ሰው ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚገዛው መጽሐፍ ነው። ጫማው ሳይመረጥ፣ ፈቃዱ ሳይወጣ፣ ቀኑ ሳይቆረጥ የመንገዱ መመሪያ መጥቶ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ይላል። ደስታው ይገባኛል። ካርታ ዘርግቶ መንገዱን በጣት መከተል ልብን ያነሳሳል። ችግሩ ግን አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚገዛው፣ መጨረሻ ላይ መግዛት የነበረበትን መጽሐፍ መሆኑ ነው።

እኔም አድርጌዋለሁ። ለመነሳት ዓመት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረኝ፣ የምሄድበትን መንገድ ማይል በማይል የሚዘረዝር መመሪያ ገዛሁ። እሱን አምኜ ስንቄን በካርቶን አሸግሁና መንገዱ አጋማሽ ላይ ወዳለች ትንሽ ከተማ፣ በአንድ ማረፊያ ቤት አድራሻ ላክሁ። ስደርስ በሩ ተቆልፏል። ቤቱ ከተዘጋ ወራት አልፈውታል፤ ካርቶኑም ወደ ላኪው ተመልሷል። አብሮኝ ይሄድ የነበረው ሰው የያዘው አዲሱ እትም ላይ ደግሞ ያ ማረፊያ ጭራሽ የለም። እሱ ቀድሞ አውቆ ሌላ ቦታ ልኮ ነበር። እኔ ስንቅ ስፈልግ ሁለት ቀን ባከነብኝ።

ከዚያ ወዲህ መጽሐፍ የምገዛበት ቅደም ተከተል አለኝ። እነሆ። ዓመትና ወር የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ መጽሐፎቹ ላይ የሚታተመውም እሱ ነው።

1. መጀመሪያ መጽሐፎቹን ለሁለት ክፈሏቸው

አንደኛውን የቤት መጽሐፍ እለዋለሁ። ቤት ተቀምጣችሁ የምታነቡት ነው። መንገዱ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ በየትኛው ወር በረዶ እንዳለ፣ ሙቀቱ የት እንደሚከብድ፣ ምን ያህል ቀን እንደሚፈጅ፣ ምን ዓይነት ዕቃ እንደሚያስፈልግ ይነግራችኋል። ይሄ ቶሎ አያረጅም። ተራራ ቦታውን አይለቅም፤ በረዶ የሚበዛበት ወቅትም በአምስት ዓመት ብዙም አይለወጥም።

ሁለተኛው የቦርሳ መጽሐፍ ነው። ተሸክማችሁት የምትሄዱት። ርቀት፣ ውሃ፣ መጠለያ፣ ድንኳን መትከያ፣ ስንቅ የሚሞላባቸው ከተሞች፣ መጓጓዣ፣ ስልክ ቁጥር። ይሄ ቶሎ ያረጃል። አንዳንዱ መስመር ገና ማተሚያ ቤት ሳለ ያረጃል።

ርቀቱ እንኳ ይለወጣል ስላችሁ ማጋነን እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ ውስጥ ከጆርጂያ እስከ ሜይን 14 ግዛቶችን የሚያቋርጠውን የአፓላቺያን መንገድ ውሰዱ። ከዳር እስከ ዳር የተገናኘው በ1937 ነው። ዛሬም ግን በየጊዜው አንዱ ክፍል ይነሳና በሌላ በኩል ይዞራል፤ እንደገናም ይለካል። በ2021 ርዝመቱ 2,193.1 ማይል ተብሎ ነበር። በ2023 ደግሞ 2,198.4 ሆነ። አምስት ማይል በ3,500 ኪሎ ሜትር ውስጥ ምን አላት ትሉ ይሆናል። ነገር ግን ሌላው ተጓዥ "ማይል 1,500 ላይ ያለው ምንጭ ደርቋል" ሲላችሁ፣ የናንተ መጽሐፍ 1,500 የሚለውና የሱ 1,500 አንድ ቦታ ላይሆኑ ይችላሉ። ለጠማው ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

2. የቤቱን መጽሐፍ በጊዜ ያዙት፤ አሮጌም ይሁን

ከመነሳታችሁ ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ወር ሲቀር ጥሩ ጊዜ ነው። አዲስ እትም ለማግኘት ብላችሁ ገንዘብ አታፍስሱ። ያገለገለ ግዙ፣ ከሄደ ሰው ተዋሱ፣ ቤተ መጻሕፍት ካለ እዚያ አንብቡት። የአራትና የአምስት ዓመት ዕድሜ ያለው ቢሆንም ሥራውን ይሠራል።

ስታነቡ ግን ወረቀትና እርሳስ ያዙ። ከመጽሐፉ የሚፈለገው የአራት ጥያቄ መልስ ነው፦ ከየትኛው ጫፍ ልነሳ? በየትኛው ወር? ስንት ቀን? ሙሉውን ነው ወይስ ከፊሉን? አራቱን ከመለሳችሁ መጽሐፉ ዋጋውን ከፍሏል። መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ከቤቱ መጽሐፍ ላይ ስለ ፈቃድ፣ ስለ ድንበርና ስለ ዋጋ የተጻፈውን አትመኑ። ከሜክሲኮ ድንበር ተነስቶ በካሊፎርኒያ፣ በኦሪገንና በዋሽንግተን አልፎ ካናዳ የሚደርሰው የፓሲፊክ ክረስት መንገድ ላይ፣ ለረጅም ዓመታት ተጓዦች አስቀድመው የካናዳ መግቢያ ፈቃድ እያወጡ በእግራቸው ድንበሩን ይሻገሩ ነበር። በጃንዋሪ 2025 ካናዳ ያንን ፈቃድ መስጠት አቆመች። ከዚያ በፊት የታተመ መጽሐፍ ሁሉ ማመልከቻውን እንዴት እንደምትሞሉ በትጋት ያስረዳችኋል። የሌለ ማመልከቻ! ሕግ የሚነካ ነገር ከሆነ ሁልጊዜ ወደ መንገዱ አስተዳዳሪ ድረ ገጽ ሂዱ።

3. አቅጣጫውና ቀኑ ሳይቆረጥ የቦርሳውን መጽሐፍ አትንኩት

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ብዙ የረጅም ጉዞ መመሪያዎች የሚታተሙት በሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ከደቡብ ወደ ሰሜን ለሚሄድ፣ ሌላው ከሰሜን ወደ ደቡብ። ሽፋናቸው መንታ ስለሆነ ስታዙ ስሙን ብቻ ሳይሆን አቅጣጫውን አንብቡ።

የተገላቢጦሹን ይዛችሁ መሄድ ይቻላል፤ ግን በየቀኑ ያደክማል። ገጹን ከታች ወደ ላይ ታነባላችሁ። የቀረውን ርቀት በቃል ትቀንሳላችሁ። ዳገቱ ቁልቁለት፣ ቁልቁለቱ ዳገት ይሆናል። ግራና ቀኙም ይገለበጣል። ደክሟችሁ፣ ዝናብ እየዘነበ፣ በባትሪ ብርሃን ስትሠሩት አስቡት።

ፈቃዱም እንደዚያው ነው። የፓሲፊክ ክረስትን ከሜክሲኮ ድንበር አካባቢ ተነስቶ ወደ ሰሜን ለሚሄድ፣ ከማርች 1 እስከ ሜይ 31 ባለው ጊዜ በቀን 50 ሰው ብቻ ነው የሚፈቀደው። ቀኖቹ የሚታደሉት ኖቬምበርና ጃንዋሪ ላይ ነው። የፈለጋችሁት ቀን ካልደረሳችሁ ከሌላ ቦታ ልትነሱ ወይም አቅጣጫ ልትቀይሩ ትችላላችሁ። ስለዚህ ፈቃዱ በእጅ ይግባ፣ መጽሐፉ ይከተል።

ከፊሉን ዘንድሮ፣ ከፊሉን በሚቀጥሉት ዓመታት የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ የዘንድሮውን ክፍል ብቻ ግዙ። ሁሉንም አንድ ላይ መግዛት ትንሽ ይረክሳል፤ ሦስተኛው ዓመት ላይ ግን እጃችሁ ላይ ያለው አሮጌ መረጃ ነው።

4. ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ነገር እዩ

የመጀመሪያው የቅጂ መብቱ ገጽ ነው። ከርዕሱ ገጽ ጀርባ፣ በደቃቅ ፊደል የተጻፈው። እዚያ ላይ "እትም" እና "ድጋሚ ኅትመት" የሚሉትን ለዩ። አዲስ እትም ማለት መረጃው ታይቶ ተስተካክሏል ማለት ነው። ድጋሚ ኅትመት ማለት ግን ያው የድሮው ነገር እንደገና ታተመ ማለት ነው። 2024 የታተመ መጽሐፍ ውስጡ የ2017 ሊሆን ይችላል። ኢንተርኔት ላይ ስትገዙ የበለጠ ተጠንቀቁ፤ ትልልቅ መደብሮች የድሮውንና የአዲሱን እትም አስተያየት አንድ ላይ ያቀላቅላሉ። አምስት ኮከብ የሰጠው ሰው ያነበበው ሌላ እትም ይሆናል።

መጽሐፉ ከሌላ ቋንቋ የተተረጎመ ከሆነም አስተውሉ። የትርጉሙ ዓመት አዲስ ቢሆንም ዋናው ከዚያ ቀድሞ የተጻፈ ነው። ቋንቋውን ትንሽም ቢሆን የምትችሉ ከሆነ ዋናውን ውሰዱ፤ የርቀትና የውሃ ሰንጠረዥ ብዙ ሰዋስው አይጠይቅም።

ሁለተኛው የናሙና ገጽ ነው። አሳታሚዎች ብዙ ጊዜ ጥቂት ገጽ በነፃ ያሳያሉ። ሽፋኑንና መግቢያውን እለፉት። አንድ የውሃ መስመር ፈልጉና እሱን መርምሩ። ለምሳሌ እንዲህ የሚል መስመር አለ እንበል፦

812.4 — ምንጭ — 0.3 ምሥ — 3,140

812.4 ከመነሻው ያለው ርቀት ነው። 3,140 ከፍታው፣ በጫማ። 0.3 ከመንገዱ ወጥታችሁ የምትሄዱት ነው፤ ደርሶ መልስ 0.6 ማይል፣ ማለትም አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ። ባዶ ጠርሙስ ይዞ ወርዶ ሞልቶ መውጣት ነው እንግዲህ። "ምሥ" ምሥራቅ ነው፤ እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው ይስታል። በአፓላቺያን መመሪያዎች ልማድ መንገዱ ሁልጊዜ ወደ ሰሜን እንደሚሄድ ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ ምሥራቅ ማለት ወደ ሰሜን ለሚሄድ ሰው ቀኝ እጁ ነው፣ መንገዱ ለጊዜው ወደ ሌላ አቅጣጫ ቢታጠፍም እንኳ። ኮምፓስ አውጥቶ ፀሐይ መውጫውን የሚፈልግ ሰው ምንጩን አያገኘውም።

አሁን ጠይቁ፦ ይህ መጽሐፍ ምንጩ በበጋ ይደርቃል ወይስ አይደርቅም ብሎ ነግሮኛል? ከሚቀጥለው ውሃ ምን ያህል ይርቃል? ደክሞኝ ሳለሁ ይህን ፊደል ማንበብ እችላለሁ? ቁልቁል ወይም ዳገት መሆኑን የሚያሳይ የከፍታ ሥዕል ከጎኑ አለ? ጥሩ የቦርሳ መጽሐፍ የሚለየው በውሃው መስመር ነው። የመልክዓ ምድር ገለጻው ያማረ ሆኖ የውሃው መስመር ደካማ የሆነ መጽሐፍ ቤት ይቅር።

ሦስተኛው አንድ ከተማ ነው። መንገዱ ላይ ካሉት ከተሞች አንዷን ምረጡና መጽሐፉ ስለሷ ያለውን ኢንተርኔት ላይ ካለው ጋር አስተያዩ። ማረፊያው አለ? ፖስታ ቤቱ ቅዳሜ ይሠራል? ከሦስት ነገር ሁለቱ ከተሳሳቱ ሌላውንም ገጽ በዚያው ልክ ጠርጥሩ።

እንደ መንገዱ ጠባይም ይለያያል። ስፔን ውስጥ ወዳለችው ሳንቲያጎ ከተማ የሚወስደው ዋናው የካሚኖ፣ ማለትም የመንፈሳዊ ጉዞ፣ መስመር 780 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቢጫ ቀስቱና የዛጎል ምልክቱ ይመራችኋል፣ መንደሩም ቅርብ ለቅርብ ነው። እዚያ መጽሐፍ የሚፈለገው ለአልጋ ነው። ጁላይ 25 እሑድ ሲውል ደግሞ ቅዱስ ዓመት ይባልና ተጓዡ ይበዛል፤ 2027 እንደዚያ ዓይነት ዓመት ነው። በዚያ ዓመት የምትሄዱ ከሆነ የአልጋው ዝርዝር ትኩስ መሆን አለበት። በረሃማ መንገድ ላይ ግን ቅድሚያው ለውሃ ነው።

5. የመግዣው ጊዜ

በየዓመቱ የሚታደሱ መመሪያዎች ብዙ ጊዜ የሚወጡት ዓመቱ ሊለወጥ ሲል ነው፤ የአፓላቺያኖቹ ዲሴምበርና ጃንዋሪ አካባቢ ይደርሳሉ። ከደቡብ የሚነሱት ሰዎች ደግሞ በብዛት የሚጀምሩት ማርችና ኤፕሪል ላይ ነው። ስለዚህ ኦክቶበር ላይ "ይሄው ተገኘ" ብሎ መግዛት ሁለት ወር ብቻ ቀርቶት የሚያረጅ መጽሐፍ መግዛት ነው። ጠብቁ። እጅ ያሳክካል፤ ግን ጠብቁ።

እኔ የምከተለው ልክ ይህ ነው፦ ከመነሻዬ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ሲቀር አዛለሁ። ለመላኪያ ጊዜ ይሰጣል፣ የተሳሳተ ከመጣም ለመመለስ ይበቃል። ከሌላ አገር የሚመጣ ከሆነ ሌላ አንድ ወር ጨምሩበት። ከዚህ በላይ ማዘግየት ደግሞ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል፤ ትንንሽ አሳታሚዎች ጥቂት ነው የሚያትሙት፣ ሲያልቅ አልቋል።

ጁን ላይ የምትነሱ ከሆነ ሜይ መጀመሪያ ድረስ መታገሥ ትችላላችሁ። ሴፕቴምበር ላይ የምትነሱ ከሆነ ደግሞ የዓመቱ እትም ዘጠኝ ወር ሆኖታል፤ አዲሱ ገና ነው። ያለውን ግዙና ከታች የምነግራችሁን የእርማት ገጽ አጥብቃችሁ ያዙ።

መመሪያው በየአምስትና ስድስት ዓመቱ ብቻ የሚታደስ መንገድም አለ። እዚያ መጠበቅ ትርጉም የለውም፤ አዲስ እትም በቅርቡ እንደሚወጣ አሳታሚው ካላስታወቀ በስተቀር ያለውን ውሰዱ። ክፍተቱን አፕና የመንገዱ ማኅበር ማስታወቂያ ይሞላዋል።

6. ካርታና አፕ

ሙሉ የወረቀት ካርታ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አስሉ። በ1:50,000 ካርታ ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር 500 ሜትር ነው። 3,500 ኪሎ ሜትር መንገድ 70 ሜትር ወረቀት ይሆናል ማለት ነው። ሁሉንም ማንም አይሸከምም። ምልክቱ ደካማ ለሆነበት፣ በረዶ መንገዱን ለሚሸፍንበትና አቋራጭ መውጫ ለሚያስፈልግበት ክፍል ብቻ ግዙ። ካርታ ከቦርሳው መጽሐፍ ቀስ ብሎ ነው የሚያረጀው፤ ሦስት ወር ሲቀር ብትገዙት ምንም አይደል።

አፕ ግን መጨረሻ ላይ ይሁን። ፋርአውት፣ እስከ 2021 ጉትሁክ ይባል የነበረው፣ ለብዙዎቹ ረጃጅም መንገዶች ይሸጣል። ትልቁ ጥቅሙ ተጓዦች በየምንጩ ላይ ቀን ጽፈው የሚያስቀምጡት መልእክት ነው። የትናንት ወዲያውን የውሃ ወሬ የትኛውም መጽሐፍ አይነግራችሁም። ካወረዳችሁት በኋላ ስልኩን ወደ አውሮፕላን ሞድ ቀይሩና ቤት ውስጥ ሞክሩት። ካርታው ይከፈታል? ጽሑፉስ? ይህን የመጀመሪያው ተራራ ላይ መሞከር ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ነው።

አፕ ካለኝ መጽሐፍ ለምን ትላላችሁ። ባትሪ በብርድ ቶሎ ይወርዳል፣ ስልክ ውሃ ውስጥ ይወድቃል፣ ስክሪንም ይሰበራል። በዚያ ላይ የአምስት ቀን ስንቅ ሲታቀድ ሁለት ገጽ ዘርግቶ ማየትን ስክሪን አይተካውም። ሁለቱንም ያዙ፣ የወረቀቱን አሳንሱ።

7. መጽሐፉ እጅ ሲገባ

ለማሳነስ መቁረጥ ያስፈልጋል። አዎ፣ መጽሐፍ መቁረጥ። የመጀመሪያውን ገጽ ስቀድ እጄ እምቢ ብሎኝ ነበር፤ ቢሆንም ሒሳቡ ግልጽ ነው። 80 ግራም የሚባለው ተራ ወረቀት፣ በኤ4 መጠን አንዱ ቅጠል 5 ግራም ይመዝናል። ግማሹ 2.5። 240 ገጽ ያለው በግማሽ መጠን የታተመ መጽሐፍ 120 ቅጠል ነው፤ ያለ ሽፋኑ 300 ግራም። ከዚያ ውስጥ በዚህ ሳምንት የምትፈልጉት አሥር ቅጠል ነው፣ 25 ግራም። አንዳንድ አሳታሚ ሳይጠረዝ፣ ቅጠል በቅጠል ሆኖ ይሸጣል። ካገኛችሁ እሱን ምረጡ።

ከመቁረጣችሁ በፊት ግን ገጹን ሁሉ በስልክ ፎቶ አንሱት። ከዚያ ስንቅ በምትሞሉባቸው ከተሞች ልክ ከፋፍሉት። የመጀመሪያውን ክፍል ዚፕ ባለው የፕላስቲክ ከረጢት አድርጋችሁ ያዙ፤ ሌላውን ከስንቃችሁ ጋር ወደፊት ላኩት። ምልክቶቹ የሚተረጎሙበትን ገጽ አትላኩት። እሱ ከናንተ ጋር እስከ መጨረሻው ይሄዳል። እሱን ከመጀመሪያው ክፍል ጋር ጥሎ፣ ቀሪውን መንገድ ሦስት ማዕዘኑና ክቡ ምን እንደሆኑ እየገመተ የሄደ ሰው አጋጥሞኛል።

አሁን የእርማት ገጹ። ጠንቃቃ አሳታሚዎች ከኅትመት በኋላ የተለወጠውን ድረ ገጻቸው ላይ ያወጣሉ። ለመነሳት አንድ ሳምንት ሲቀር እሱንና የመንገዱን ማኅበር የመዘጋት ማስታወቂያ አብራችሁ አንብቡ፤ እያንዳንዱን ለውጥ በቀይ እስክሪብቶ በየገጹ ላይ ጻፉት። ለብቻው አትሙና እጠፉት አልላችሁም፣ የታጠፈ ወረቀት ማንም አይከፍትም።

ለምን እንደምጨነቅ ይህን ብቻ ልንገራችሁ። በሴፕቴምበር 2024 መጨረሻ ሄሊን የተባለው አውሎ ነፋስ የአፓላቺያንን ደቡባዊ ክፍል ክፉኛ መታው። ቴነሲ ውስጥ ኧርዊን አጠገብ፣ ተጓዡ የኖሊቸኪን ወንዝ የሚሻገርበትን የመኪና ድልድይ ጎርፍ ወሰደው። ከዚያ በፊት የታተመ መጽሐፍ ሁሉ ድልድዩን በቦታው ያሳያል፤ በጥሩ ፊደል፣ ከትክክለኛ ማይል ጋር። ሰው ወንዙ ዳር ደርሶ ይህን ከሚያይ ከሳምንት በፊት ቤቱ ሆኖ በቀይ ቢጽፈው ምን ያህል ይሻላል።

8. ከተመለሳችሁ በኋላ

ያለፋችሁትን ገጽ አትጣሉት። በጉዞው ላይ በየመስመሩ ጎን ጭረት ጨምሩበት፤ ምንጩ ደርቆ ካገኛችሁት ቀኑን፣ መጠለያው ከተዘጋ መዘጋቱን። የዓመቱ መመሪያ የሚታረመው አብዛኛውን ጊዜ ከኅትመቱ በፊት ባሉት የመኸር ወራት ነው። ስለዚህ ጉዞው እንዳለቀ፣ እግራችሁ ሳይሽር፣ ማስታወሻችሁን ለአሳታሚው በኢሜይል ላኩ። የማይል ቁጥሩን፣ ቀኑን፣ ያያችሁትን፤ ሦስት ቃል ይበቃል። "812.4፣ ኦገስት 9፣ ደረቅ።"